ባሌ ከእኔ የደበቀው ስም

ይህ የደረሰብኝ ጣሊያን ሊገባ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው። ዛሬ አርጅቼ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ይህ ግን አልረሳ አለኝ።

ባለቤቴ ተሰማ በአራዳ የታወቀ ተረትና ወግ አዋቂ ነበር። ከጊዮርጊስ በታች ባለው ጠጅ ቤት እሱ ካልመጣ ጨዋታው አይደምቅም። እኔም ያገባሁት አፉን ወድጄ ነው።

የተጋባነው በሰማንያ እንጂ በቁርባን ስላልሆነ፣ የክርስትና ስሙ ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም። ስጠይቀው ይቀልድብኛል። አንድ ቀን «ጅብ በላው» ይለኛል፤ ሌላ ቀን «ያጠመቁኝ ቄስ ይዘውት ሄዱ» ይላል። እስቃለሁ። ምን ላድርግ፣ ሲያወራ ደስ ይላል።

ድንገት ታመመና ጥቂት ቀን አስታምሜው ሞተ። አስከሬኑ ቤተ ክርስቲያን እንደ ደረሰ ቄሱ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ የክርስትና ስሙን ንገሪኝ። ያለ እሱ ፍትሐት አይደረግም» አሉኝ።

የነፍስ አባቱ ቀድመውት ሞተዋል፤ ዘመዶቹ ሩቅ አገር ናቸው። ሚስት ሆኖ ስሙን አላውቅም ማለት እንዴት ያሳፍራል! ነፍሱ ሳትፈታ ሊቀበርብኝ ነው ብዬ ወደ ለቀስተኛው ዞርኩ።

ይሄን ጊዜ የጠጅ ጓደኛው ልብስ ሰፊው ቀረብ አለና፣ «እትዬ አስካለ፣ አይጨነቁ፤ ወልደ ሚካኤል ነው። ለእኔ ብቻ ነው የነገረኝ» አለ።

እፎይ ሳልል ሌላው የጠጅ ጓደኛው ኮርቻ ሰፊው፣ «ምን ያወራል ይሄ! ገብረ ማርያም ነው። ለማንም እንዳልናገር አስምሎኛል» ብሎ ተቆጣ። ሦስተኛው ጓደኛቸው አንጥረኛው ደግሞ ኃይለ ጊዮርጊስ ነው ብሎ ድርቅ አለ። አስከሬኑ ፊት ሊደባደቡ ምንም አልቀራቸው። ከኋላ አንዱ፣ «ሰውዬው ሞቶም ተረቱን አልተወም!» ሲል ለቀስተኛው ሳቀ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

ቄሱ ታክቷቸው፣ «ሚስቱ አንቺ ነሽ፤ አንቺ ያልሽውን እቀበላለሁ» አሉኝ። «ገብረ ማርያም» አልኩ፤ እመቤታችን ታማልደው ብዬ እንጂ አውቄ አይደለም።

ዛሬም በሙት ዓመቱ ያ ስም ሲጠራ የማላውቀው ሰው የሚታሰብ ይመስለኛል። እንባ አይመጣልኝም፤ ንዴት ነው የሚመጣብኝ። የክርስትና ስም የሚደበቀው ጠላት ድግምት እንዳይሠራበት ነው ይባላል። ለጠጅ ጓደኞቹ ለያንዳንዳቸው አንድ አንድ ስም አድሏል። ያበላሁት፣ ያስታመምኩት እኔ ግን የውሸቱ እንኳ አልደረሰኝም።