ከጉባኤው የመጣ መርዶ

ብርቅዬ ወልደ ኪዳን ላሊበላ ከተማ ውስጥ የምትታወቀው በሙሾዋ ነበር። ሰው ሲሞት ቀድመው የሚጠሯት እሷን ነው። ሬሳው ከቤት ሳይወጣ፣ ሟቹ ማን እንደነበረ፣ ምን ይወድ እንደነበረ፣ ማንን ጥሎ እንደሄደ በአራት በስድስት ስንኝ ታወርደዋለች። እንባዬ ደርቋል የሚለው ሰው ሁሉ ያኔ ያለቅሳል። ለቅሶው ሲያበቃ ግን ነጠላዋን ተከናንባ፣ ከማንም ጋር ብዙ ሳታወራ ወደ ቤቷ ትገባለች።

አባቷ መሪጌታ ወልደ ኪዳን የቅኔ መምህር ነበሩ። ተማሪዎቹ ደጅ ተቀምጠው ሲቀኙ እሷ እንጨት እየሰበረች ትሰማ ነበር። ቤት የሚመታውንና የማይመታውን በጆሮዋ ለይታ ያወቀችው ያኔ ነው። ፊደል ያስተማራት ግን ማንም አልነበረም። ለወንድሞቿ ዳዊት ሲገዛ ለእሷ እንዝርት ተገዛላት። በአሥራ ስድስት ዓመቷ ሀብተ ሥላሴ ለሚባል ገበሬ ተዳረች፤ ከወለደቻቸው አራት ልጆች ያደገላት ደርበው ብቻ ነበር። ሀብተ ሥላሴ ደግሞ ልጁ ሰባት ዓመት ሳይሞላው በወባ ሞተባት።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ሦስት ዓመተ ምህረት ቀበሌው ለዘመቻ ሰው እንዲያዋጣ ሲታዘዝ ደርበው ከተመለመሉት አንዱ ሆነ። ወለላን ካገባ ገና ስምንት ወሩ ነበር። ከሰሜን ጦር ግንባር የጻፈው የመጀመሪያ ደብዳቤ ሲደርስ፣ ብርቅዬ ይዛው የሄደችው የቀበሌው ጸሐፊ ዘንድ ነው። ጸሐፊው ወረፋ በሚጠብቀው ሰው ፊት ጮክ ብሎ አነበበላት። ደርበው ስለ ቅማሉ፣ ስለ ጥሙ፣ ደግሞም በህልሙ ስላያት ሚስቱ ጽፎ ኖሮ ሰዉ ሳቀ። ጸሐፊው መጨረሻ አካባቢ ሦስት መስመር ያህል ዘለለ። ብርቅዬ ዓይኑ ሲዘልል አይታዋለች። ምን እንዳለበት ብትጠይቀው፣ «ሰላምታ ነው፣ እትዬ» አላት።

በማግስቱ መሠረተ ትምህርት ተመዘገበች። ዕድሜዋ ሃምሳ አንድ ነበር። አስተማሪዋ አመተ ሥላሴ የምትባል የካህን ልጅ ናት፤ ገና ሃያ ሁለት ዓመቷ። ብርቅዬ እንደ ሌሎቹ ሴቶች ሰበብ ፈልጋ አትቀርም፤ ዝናብም ቢሆን ትመጣለች። በዘጠነኛው ወር ያንን የመጀመሪያ ደብዳቤ ከሣጥን አውጥታ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። የተዘለሉት ሦስት መስመሮች፣ «እማዬ፣ ከእኛ ጋር ከመጡት የላስታ ልጆች አምስቱ አልቀዋል፤ ለእናቶቻቸው እንዳትነግሪ» ይሉ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ደብዳቤ መጣ። ከዚያ ግን ተቋረጠ። ሰባ አራት በዚህ አለፈ።

ብርቅዬ በባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ሙሾዎቿን መጻፍ የጀመረችው በዚያ ጥበቃ መሐል ነው። አመተ ሥላሴ ደብተሩን ስታይ ደነገጠች። ስለ ፊደል የተገጠመውን አንዱን ገልብጣ ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻው መጽሔት ላከችው፤ ታተመ። በሚያዝያ ሰባ አምስት ደግሞ ከደሴ ደብዳቤ መጣ። በክፍለ ሀገሩ የደራስያን ጉባኤ ላይ «ደራሲት ብርቅዬ ወልደ ኪዳን» እንድትገኝ ተጋብዛለች።

«ደራሲት ማለት እኔ ነኝ?» አለች ብርቅዬ።

«እርስዎ ነዎት እንጂ፣ እማማ።»

«ደሴ የጦሩ ጽሕፈት ቤት አለ ይባላል?»

አመተ ሥላሴ ነገሩ ያን ጊዜ ገባት። «አለ፤ አብረን ሄደን እንጠይቃለን» አለቻት።

ወለላ ስንቅ ቋጠረችላት። በር ላይ ቆማ፣ «ካለበት ጽፎ ይላክ በይልኝ፣ እማዬ» አለቻት፤ አማቷ ራሱን የምታገኘው ይመስል። እስከ ወልዲያ በጭነት መኪና፣ ከወልዲያ ደሴ በአውቶቡስ ሄዱ።

ጉባኤው የተደረገው በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ነበር። ከክፍለ ሀገሩ ሰባት ስምንት አውራጃዎች የመጡ ስድሳ ያህል ሰዎች ነበሩ፤ የሚበዙት አስተማሪዎች፣ ጥቂቱ ወታደሮች፣ አንድ ሁለቱ መጽሐፍ ያሳተሙ። ብርቅዬ ደረቷ ላይ ስሟ የተጻፈበት ወረቀት ተሰካላት። ስሟን ጎንበስ ብላ ስታነብ ሳቋ መጣባት፤ በሕይወቷ ስሟ ተጽፎ ያየችው የቀበሌ መታወቂያዋ ላይ ብቻ ነበርና።

የመጀመሪያው ቀን ንግግር ብቻ ነበር። ሥነ ጽሑፍ አብዮቱን ማገልገል አለበት ስለሚለው ሶሻሊስት ሪያሊዝም የተናገረው ሰው ሁለት ሰዓት ፈጀ። ሌላው ስለ ሥነ ቃል ጥናት አቀረበና፣ ሙሾ የአሮጌው ሥርዓት ቅሪት መሆኑን፣ ሰፊው ሕዝብ ከእንግዲህ ከለቅሶ ወደ ሥራ መዝሙር እንደሚሸጋገር አብራራ። አመተ ሥላሴ አንገቷን ደፋች። ብርቅዬ ግን አልተቀየመችም። «እሱም እናት አለችው፤ ትኑርለት» አለች ቀስ ብላ።

የደነቃት ሌላ ነገር ነው። በሻይ ሰዓት ሰዎች ክብ ሠርተው ቆመው ስለ አንዲት ቃል ይከራከራሉ፤ ይህ ስንኝ ከዚያኛው ለምን እንደሚሻል ይጣላሉ። አንድ የራያ አስተማሪ ወደ እሷ መጥቶ፣ ቤት መጀመሪያ ይመጣላት እንደሆነ ወይስ ሐሳቡ ይቀድም እንደሆነ ጠየቃት። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከአባቷ ተማሪዎች በኋላ ሰምታ አታውቅም፤ ያኔም የተጠየቀችው እሷ አልነበረችም። «መጀመሪያ የሚመጣልኝ የሟቹ እናት ፊት ነው፤ ቤቱ ከዚያ ነው የሚመጣ» አለችው። ሰውየው ደብተሩን አውጥቶ ያለችውን ጻፈ። ብርቅዬ የዚያን ዕለት እንደ ልጅ ደስ አላት። በኋላ ዘመኗን ሁሉ የሚያንገበግባት ያ ደስታ ሆነ።

በሁለተኛው ቀን ተራዋ ደረሰ። የታተመውን የፊደል ግጥም አነበበች፤ ጭብጨባው ቤቱን ሞላው። የራያው አስተማሪ ከኋላ ሆኖ፣ «ሌላ ይጨምሩልን!» አለ። ብርቅዬ ደብተሩን ገልጣ፣ አመተ ሥላሴም አይታው የማታውቀውን አንዱን በቀስታ አነበበች፤

ፊደል የቆጠርኩት በእርጅና ዘመኔ፣
የልጄን ደብዳቤ ላነበው በዓይኔ፤
ማንበቡንስ ቻልኩት፣ ፊደሉን ለየሁ፣
የሚነበብ ጠፍቶ ደጅ ደጁን አየሁ።

 ከዚያ ጭብጨባው ከአንድ ጥግ ተነሥቶ ተስፋፋ፤ ከመድረኩ ላይ ግን ማንም አላጨበጨበም። የስብሰባው መሪ ደብተሩን ተቀበላትና፣ «ኮሚቴው ይመለከተዋል፣ እናት» ብሎ ቀጣዩን ተናጋሪ ጠራ።

ለሻይ ሲወጡ የግራ እጁ ከክርኑ በታች የሌለ መኮንን ተከትሏት መጣ። መቶ አለቃ አረጋ ይባላል፤ የመድረክ ተውኔት ይጽፋል። ጎንበስ ብሎ ሰላም ካላት በኋላ የልጇን ስም ጠየቃት።

«ደርበው። ደርበው ሀብተ ሥላሴ።»

መቶ አለቃው የያዘውን ብርጭቆ ሳይጠጣ አስቀመጠና ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ከአዳራሹ ጀርባ ባሕር ዛፎቹ ሥር ጠራት። አመተ ሥላሴም አብራ ሄደች። የድንጋይ አጥር ላይ ተቀመጡ።

«እናቴ፣ ትናንት ሲያነቡ ድምፁን አወቅሁት» አለ። «የእርስዎን ማለቴ አይደለም፤ የስንኙን። ምሽግ ውስጥ አንድ ረዥም የላስታ ልጅ እንደዚህ ያለ ግጥም ይነግረን ነበር። ሰው ሲወድቅብን እሱ ያወርዳል፣ እኛ እንሰማለን። ከየት አመጣኸው ስንለው፣ የእናቴ ነው ይል ነበር።»

ብርቅዬ «ነበር» የሚለውን ቃል ሰማች። ሙሾ ስታወርድ ስንቴ ያለችው ቃል ነው።

«መቼ ነው?» አለች።

«ሰኔ ሰባ አራት። ከናቅፋ በታች ካለ ተራራ ላይ። አጠገቡ ነበርኩ፤ እጄም የሄደው ያን ቀን ነው። አልተሰቃየም፣ እናቴ፤ ይህን ስል እያጽናናሁዎት አይደለም።»

«ቀበራችሁት?»

መቶ አለቃው ፊቱን አዞረ። «ወደ ኋላ ስንመለስ ነበር» አለ።

«እንግዲያው አልተቀበረም።»

«አልተቀበረም።»

አመተ ሥላሴ አፏን በሻሿ አፍና አለቀሰች። ብርቅዬ አላለቀሰችም። ከአዳራሹ የጭብጨባ ድምፅ ይሰማ ነበር። መቶ አለቃው ከጦሩ የሞት ማስታወቂያ ወረቀት ሳይመጣ መርዶ መንገር ክልክል መሆኑን፣ እሱ እንደነገራት ከታወቀ እንደሚታሰር ነገራት። ደግሞ አንድ ነገር ጨመረ፤ ደርበው ያወርዳቸው ከነበሩት ስንኞች ሁለቱን ተውኔቱ ውስጥ እንዳስገባቸው፣ የማን እንደሆኑ ግን እስከ ትናንት እንደማያውቅ። «ይቅር ይበሉኝ» አላት።

«ቃሉ ያንተ ይሁን፣ ልጄ። ስምህም ከአፌ አይወጣም» አለችው።

ከሰዓት በኋላ መዝጊያው ነበር። መድረክ ላይ ጠርተው የምስክር ወረቀትና አንድ ብዕር ሰጧት፤ ደብተሯንም መለሱላት። ፎቶግራፍ አንሺው፣ «ፈገግ ይበሉ፣ እናት» አላት። የጦሩ ጽሕፈት ቤት ሳትሄድ ቀረች።

ላሊበላ በገባች በሦስተኛው ቀን ለወለላ ነገረቻት። ሁለቱም በር ላይ ተቀምጠው የሽሮ ክክ ይለቅሙ ነበር። ወለላ ሰፌዱን አስቀመጠች።

«ማን ነው ያለሽ?»

«ያየ ሰው።»

«ስሙ ማን ነው?»

«አልነግርሽም።»

«ወረቀቱስ?»

«ወረቀት የለም።»

«እንግዲያው አልሞተም!» ወለላ ተነሥታ ቆመች። «ለሰው ሁሉ ስታለቅሺ ኖረሽ ሞት ለምደሻል። የእኔን ባል በአፍሽ አትግደይብኝ!» ልብሷን ቋጥራ የዚያኑ ዕለት ከአሸተን ማርያም ገዳም ሥር ወዳለው የአባቷ ቤት ወጣች።

ወሬው በየት ሾልኮ እንደወጣ አይታወቅም፤ የቀበሌው ሊቀ መንበር ከፋለ በሳምንቱ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የእህቱ ልጅ እዚያው ግንባር ነው። ሳይቀመጥ፣ «እትዬ ብርቅዬ፣ ወረቀት ሳይመጣ ድንኳን ቢተከል የጠላት ወሬ ነዛችሁ ይሉናል። እርስዎንም እኔንም ያስጠይቃል። ትንሽ ይታገሡ» አላት። እሺ አለችው። የአገሩን ሙት ሁሉ ያለቀሰች ሴት ለልጇ አንድ ለቃሽ ሳይመጣላት ግንቦትን ጨረሰች። ጎረቤቶቿ በበሯ ሲያልፉ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር፤ ከዚያ የሚያልፍ ነገር ግን ማንም አላደረገም። ልትጽፍ ብዕሩን ታነሣለች፤ የሚመጣላት የሌላ እናት ፊት ነው፣ የራሷ አይታያትም።

በሐምሌ ሸጌ የምትባል ጎረቤቷ ሞተች፤ ሰባት ልጅ ያሳደገች፣ የዘጠና ዓመት ባልቴት። ዝናቡ ትንሽ ሲያባራ ለቃሹ ግቢውን ሞላው። ወለላም ከአባቷ ቤት ሰዎች ጋር መጥታ ዳር ላይ ቆማ ነበር፤ አማቷን አላየቻትም፣ ወይም እንዳላየች ሆነች። ብርቅዬ እንደ ልማዷ መሐል ገባች። ስለ ሸጌ ልጆች፣ ስለ እጇ ቸርነት አወረደች፤ ሴቶቹ ተቀበሏት። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ፤

ታድለሻል ሸጌ፣ አፈርሽ ታወቀ፣
ደረት ተደቃልሽ፣ እንባም አልደረቀ፤
የእኔማ ደርበው በረሃ ወደቀ፣
ለቅሶውም ከእናቱ ደረት ተደበቀ።

የሚቀበላት ጠፋ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከፋለ ከወንዶቹ በኩል ቆሞ ነበር፤ ሁሉም ወደ እሱ አየ። ባርኔጣውን አወለቀና መሬት መሬቱን ማየት ጀመረ። ያኔ የሸጌ የመጀመሪያ ልጅ፣ የራሷን እናት ሬሳ ትታ፣ «ደርበው! ደርበው!» እያለች ደረቷን መታች። ግቢው በአንድ ጊዜ ተነሣ። ለወታደር ልጇ የማታለቅስ እናት ማን ነበረች? ያን ቀን የተለቀሰው ለስንት ሰው እንደሆነ የቆጠረ የለም።

ወለላ ከዳር ሆና ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደችና እንደ ሐዘንተኛ ወገቧ ላይ ጠምጥማ አሠረችው። ወደ መሐል ገብታ ከአማቷ ጎን ቆመች።  ከቀብር በኋላ ግን ወደ አሸተን አልወጣችም፤ ብርቅዬን ደግፋ ወደ ቤት ገባች።

በጥቅምት የጉባኤው መድብል ታትሞ መጣ። አመተ ሥላሴ ያመጣችው እየፈራች ነበር። ብርቅዬ የልጇ ደብዳቤ ግጥም ያለበትን ገጽ አግኝታ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ስንኞች የራሷ ናቸው። አራተኛው፣ «ጨለማው ተገፎ ብርሃኑን አየሁ» ይላል።

«ኮሚቴው አርሞት ይሆናል፣ እማማ» አለች አመተ ሥላሴ።

ብርቅዬ ደግማ አነበበችው። «ቤት መምታቱንስ መትቷል» አለችና መጽሐፉን መለሰችላት።

በጥር ሰባ ስድስት ወለላን አንድ የነአኩቶ ለአብ አካባቢ ገበሬ ጠየቃት፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ ደህና ሰው። ወለላ መልስ ሳትሰጥ ሁለት ሳምንት ቆየች። እሺ ያስባለቻት ብርቅዬ ናት። የሠርጉ ዕለት እንደ እናት ሆና መረቀቻት፤ ሣጥኗን ከሚሸከመው አህያ ጎን እየሄደች እስከ መንገዱ መታጠፊያ ሸኘቻት። ወለላ አንገቷን አቅፋ አልለቅ ብላት ነበር፤ ባልየው በትዕግሥት ቆሞ ጠበቀ።

በሚቀጥለው ዓመት ረሃቡ ገባ፤ ሞቱ በቀን ሦስትና አራት ሲሆን ሙሾ የሚያወርድም የሚቀበልም ጉልበት ጠፋ። ብርቅዬ ያንን ዘመን አለፈች። ለሁለተኛው ጉባኤ ጥሪ ሲደርሳት አመም አድርጎኛል ብላ ቀረች። በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምህረት በፍልሰታ ጾም ስትሞት ያለቀሰችላት ወለላ ናት፤ ግጥም ስለማታውቅ በስሟ ብቻ እየጠራቻት። ከደርበው የጦር ክፍል ግን እስከዚያን ቀን ድረስ ወረቀት አልመጣም።