የወልደአማኑኤል ገብስማ ዶሮዎች

እትዬ ሠርካዲስን እኔ የማውቃቸው ካረጁ በኋላ ነው። ይህ የምነግራችሁ ግን ወጣት ሳሉ፣ በጣሊያን ጊዜ፣ ልደታ ላይ የሆነ ነው። እናቴ ሎሚ የአጥር ጎረቤታቸው ነበረችና ከእሷ ሰማሁት። በአንቱታ ባወራው ወጣትነታቸው ይጠፋብኛል፤ እናቴ ስታወራው እንደነበረው እኔም "ሠርካዲስ" እያልኩ ልቀጥል።

ባሏ ወልደአማኑኤል ኮርቻ ሰፊ ነበር። እጁ ቆዳ ላይ ይዋል እንጂ ልቡ ዶሮዎቹ ዘንድ ነው። ሌላው ሰው ሊያስታቅፍ ሲፈልግ ትልልቁን እንቁላል ይመርጣል። ወልደአማኑኤል የሚመርጠው እንቁላሉን ሳይሆን የጣለችውን ዶሮ ነው። ፈንግል ገብቶ የሰፈሩን ዶሮ ሲፈጅ ሳትታመም የተረፈችውን፣ በብርዱም ወራት መጣል ያላቋረጠችውን ለይቶ፣ የእሷን ብቻ ያስታቅፋል። አውራ ዶሮም ሲያስቀር ቁመናውን አያይም።

"አውራ እንቁላል አይጥል፤ ምን ያስጨንቅሃል?" ትለው ነበር።

"አይጥልም፤ የእናቱን አጣጣል ግን ለሴት ልጆቹ ያወርሳል። ቄብ ስትመርጪ እናቷን ብቻ አትዪ፤ የአባቷንም እናት ጠይቂ። ዘር ከልጓም ይስባል ሲባል አልሰማሽም?"

እንዲህ እየመረጠ ዓመታት ሲያልፉ ግቢው በገብስማ ዶሮ ተሞላ። ቄቦቹ ቶሎ ለእንቁላል የሚደርሱ፣ ደረታቸው የሰፋ፣ በሽታ የማይደፍራቸው ሆኑ። ማለዳ ደጃፉ ላይ ቁጢጥ ብሎ ጥሬ እየበተነ ያናግራቸዋል፤ አንዷን ይቆጣል፣ ሌላዋን ያሞግሳል። ሠርካዲስ ጓዳ ሆና ታዳምጠውና ለብቻዋ ትስቃለች። ኋላ ከሁሉ አብልጦ የናፈቃት ያ የማለዳ ድምፅ ነው።

በ1929 ዓ.ም. የካቲት ላይ ጣሊያኖች በከተማው ሕዝብ ላይ ጥይትና እሳት ሲለቁ፣ ወልደአማኑኤልን ከሥራው ቦታ ወስደው ከሌሎች ሰዎች ጋር በካሚዮን ጫኑት። ሠርካዲስ ወሬውን የሰማችው የሣር ክዳኗ በእሳት ሲያያዝ ነው። ልብስ አላወጣችም፣ ጌጥ አላወጣችም። አንዲት ገብስማ ታቅፋው የነበረውን እንቁላል በቀሚሷ ሰብስባ፣ አጥሩን ጥሳ እናቴ ዘንድ ገባች። የእናቴ ቤት ቆርቆሮ ስለነበር እሳቱ አልፎት ሄዷል። እናቴም በወቅቱ የታቀፈች ዶሮ ነበረቻትና የራሷን እንቁላል አውጥታ የሠርካዲስን ተካችላት። አብዛኛው ሞቶ ቀረ። የተፈለፈሉት አንድ ወንድና ሁለት ሴት ጫጩቶች ብቻ ናቸው። ከዚያ ሁሉ ዶሮ የተረፉት እነዚያ ነበሩ፤ ሌላውን እሳቱና ወታደሩ ጨረሰው።

ከዚያ ወዲያ የሠርካዲስ ሥራ መጠየቅ ሆነ። እስረኛ አለ ወደ ተባለበት ሁሉ ስንቅ ቋጥራ ትሄዳለች። አንዱ "ወደ ሱማሌ ወርዷል" ይላታል፤ ሌላው "ባሕር አሻግረውታል" ይላታል። ሞተ ያላት የለም፤ አየሁት ያላትም የለም። ስንቁን ይዛ ትመለስና እናቴ ግቢ ጥግ በቀለሰቻት ጎጆ ደጃፍ ተቀምጣ ለጫጩቶቹ ትበትናለች።

ጫጩቶቹ አደጉ፤ ወንድሙም ለእህቶቹ አውራ ሆነ። የመጀመሪያዎቹ ልጆች ደህና ነበሩ። ቀጥሎ እነዚያም እርስ በርሳቸው ሲወልዱ ነገሩ ተበላሸ። የታቀፈችው እንቁላል ውሃ ሆኖ ይቀራል። የተፈለፈለውም እግሩ ይወላገዳል፤ ቄቦቹ ጊዜያቸው ደርሶ አይጥሉም። ፈንግል ሲመጣ ደግሞ፣ ድሮ ያልደፈራቸውን በሽታ አሁን መቋቋም አቃታቸው።

"ዘመዳሞች ተጋብተው እኮ ነው፤" አለቻት እናቴ። "ሰውስ ሲጋባ ሰባት ቤት ይቆጠር የለም? ከሌላ ቤት አውራ አምጪ።"

"የእሱ ዘር ይደባለቅብኝ?"

"ሳይደባለቅ እያለቀ እኮ ነው፣ ሠርኬ።"

እናቴም ቀጠለች። "ጣሊያኖቹ ካምፕ ነጭ አውራ አለ ይላሉ። የእነሱ ዶሮ እንቁላል መጣል አይታክተውም አሉ።"

"እናቶቹን አየኋቸው፤ ክረምቱ ሲገባ እንደ ቅጠል ረገፉ። የኛን አገር ብርድ አይችሉትም።"

በዚህ ተለያዩ። በሳምንቱ ግን አንዲት ጫጩት ሠርካዲስ መዳፍ ላይ ሞተች። ለመቆም ብዙ ታግላለች፤ አልቻለችም። ሠርካዲስ ሬሳዋን ይዛ ረጅም ሰዓት ተቀመጠች። ከዚያ ነጠላዋን አጣፋችና ወደ ጌጃ ሰፈር ሄደች።

እዚያ አያ ገብረጊዮርጊስ የሚባሉ ቆዳ የሚያለፉ ሽማግሌ ነበሩ። ፈንግል ጌጃ ሰፈርን ሲጠርግ የእሳቸው ቀያዮች አንድም አልታመሙ ሲባል ሰምታለች።

"አውራ ፈልጌ ነው፣ አያ፤" አለቻቸው። "እናቱ በሕይወት አለች?"

"የማን እናት?"

"የአውራው።"

ሽማግሌው ሳቁ። "ሰው አውራ ሲገዛ አንስቶ ክብደቱን ያያል። አንቺ እናቱን ትጠይቂያለሽ?"

"ባለቤቴ እንዲህ ነው ያስለመደኝ። ወልደአማኑኤል ኮርቻ ሰፊው።"

ሳቃቸው ቀረ። ቆዳ ሊገዛ ሲመጣ ያውቁት ነበርና አንገታቸውን ደፉ። ቆይተውም አንዲት ቀይ አሮጊት ዶሮ አሳዩዋት። "ያቻትልሽ እናቱ። ሁለት ፈንግል አልፋለች፤ ዛሬም ትጥላለች። አውራውን ውሰጂው፣ ልጄ። ሲወልድልሽ አንዲት ቄብ ታመጪልኛለሽ።"

አውራውን በነጠላዋ ሸፍና በተክለ ሃይማኖት በኩል ስትመለስ እንባዋን መግታት አቃታት። ሰው በዶሮ ታለቅሳለች እንዳይላት ፊቷን ተከናነበች። ለእናቴ "ሌላ ሰው ቤቴ ያስገባሁ ነው የመሰለኝ" አለቻት።

ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ አንድ በአንድ አገላበጠቻቸው፤ ላባ ሲያወጡም ጠብቃ አየቻቸው። ሁሉም ቀይ ሆኑ። ገብስማ የሚባል የለም። እናቴ እንደምትለው፣ ያን ሰሞን ሠርካዲስ ጥሬውን ከሩቅ ትበትንላቸውና ፊቷን ታዞራለች። እነሱ ግን ምን አውቀው! እግራቸው የጸና፣ ጭረው የማይጠግቡ ሆነው አደጉ። ክረምቱን አለፉት። ቄቦቹም ገና መስቀል ሳይሆን መጣል ጀመሩ፤ ያውም እንደ ድሮዎቹ፣ ሳያቋርጡ። ለአያ ገብረጊዮርጊስ ምርጧን ቄብ ወሰደችላቸው።

ከዚያ በኋላ ዝምድናቸው የራቀውን እያጋጠመች፣ የወልደአማኑኤልን ምርጫ እየመረጠች አዋለደቻቸው። ከነዚያ ቀያዮች ልጆች መካከል አንዲቷ ላባ ስታወጣ አንገቷ ላይ ነጭና ጥቁር ነጠብጣብ ታየ። እያደር ክንፏ፣ ከዚያ ጀርባዋ ተከተለ። ጥርት ያለች ገብስማ!

"ሎሚ! ሎሚ! ነይ እዪ!" ብላ ስትጮህ እናቴ እሳት የተነሳ መስሏት እየሮጠች መጣች። ሠርካዲስ መሬት ላይ ተቀምጣ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች። "ቀዩ ውስጥ ተደብቆ ነበር እንጂ አልጠፋም። አልጠፋም እኮ፣ ሎሚ!"

በ1933 ጣሊያን ወጣ። ከእስር የተረፉትም ከቆላውም ከባሕር ማዶውም እየተንጠባጠቡ ተመለሱ። ሠርካዲስ የመጣውን ሁሉ ቤቱ ድረስ እየሄደች ጠየቀች። ወልደአማኑኤልን የሚያውቅ አልተገኘም። ዓመት አለፈ፣ ሌላም ዓመት። የነፍስ አባቷ ተዝካሩን እንድታወጣለት መከሯት።

"ማን ሞተ ብሎኝ፣ አባቴ?" አለቻቸው። ዳግመኛም አላነሱባት።

ሌላ ባል አላገባችም። ከልደታ እስከ ጌጃ ሰፈር ዶሮ የምታረባ ሴት ሁሉ የምታስታቅፈውን እንቁላል ከእሷ ትወስድ ነበር። እኔም ልጅ ሆኜ እናቴ ስትልከኝ ሄጃለሁ። ሴት ልጅ ነኝ፤ በራቸውን ሳንኳኳ ግን እትዬ ሠርካዲስ አንድ ቀን እንኳ "ማነው?" ብለውኝ አያውቁም። ከውስጥ ተነሥተው ሲመጡ ይሰማኛል፤ ሁልጊዜ የሚሉት "ግባ" ነበር።