ዋጋው የተለጠፈበት በኩል

የአገሬን ሰው ቅቤ ሲገዛ ያየ ሞኝ ነው አይለውም። ቢቸና ገበያ አንዲት ሴት ለአናቷ የምትቀባውን ለጋ ቅቤ ስትመርጥ በጥፍሯ ጫር ታደርጋለች፣ ታሸታለች፣ የእጇ ጀርባ ላይ ቀባ አድርጋ ታያለች፤ ሙዝ እንዳልተቀላቀለበትም ባለቅቤዋን ታስምላለች። ይህችው ሴት ኮስሞቲክስ ቤት ስትገባ ግን ዓይኗም አፍንጫዋም ደጅ ይቀራሉ። የምትጠይቀው «ውዱ የትኛው ነው?» ብቻ ነው። እኔ ኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ፤ ይህን በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ሞጣ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ሠርጓ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ዕቃ እንድናይ ጠራችኝ። ፀጉሯ ከልጅነቷ ጀምሮ የቤታችን ኩራት ነው። ለሠርጓ ለስልሶ እንዲተኛላት ፈለገች። ኮስሞቲክስ ቤት ገባን፤ ባለሱቁ ከላይኛው መደርደሪያ ባለወርቃማ ክዳን ማለስለሻ አወረደላት። የዋጋውን ወረቀት የለጠፈው ልክ ከምን እንደተሠራ የተጻፈበት ላይ ነው። በጥፍሬ ልጬ ለራሴ አነበብኩት። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አለበት፤ እኛ ቤተ ሙከራ ውስጥ ቆልፈን የምናስቀምጠው፣ ተማሪ ያለ ጓንት እንዳይነካው የምንከለክለው። ከታች ምንም ያልተጨመረበት የጉሎ ዘይት አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። ርካሽ ስለሆነ የሚነካው የለም።

«ይልቅ ይኼን ውሰጂ» አልኳት ዘይቱን እያነሳሁ።

«እትዬ ደግሞ! ለሙሽራ የድሃ ዘይት?»

ሱቁ ውስጥ የነበሩ ሁለት ሴቶች ሳቁ። እኔም እነሱን፣ ባለሱቁን፣ እህቴንም አንድ ላይ ጠቅልዬ ናቅኋቸው።

«አህያ እንኳ የሚሰጧትን አሽትታ ነው የምትበላው» አልኳት ጮክ ብዬ። «አንቺ ከአህያ አነስሽ። ውድ ነው ከተባልሽ አመድም ትቀቢያለሽ።»

ፊቷ ተለዋወጠ። ዓይኔን እያየች ውዱን ገዛች። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ብዬ በሚኒባስ ወደ ቢቸና ተመለስኩ። እውነቱን ለመናገር፣ እስከ ደብረ ወርቅ ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሠርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው ሞጣ ስደርስ ፀጉር ሠሪዋ ማበጠሪያዋን ይዛ ቆማለች፤ የምትጀምርበት ጠፍቷታል። እህቴ ማለስለሻውን ቤቷ ራሷ ተቀብታው ኖሯል። ከግንባሯ በላይና በጆሮዎቿ ዙሪያ ፀጉሩ ረግፎ ቆዳዋ ቆስሏል። ሴትዮዋ ቁስሉን ትታ ባለወርቃማ ክዳኑን ዕቃ አነሳችና «ስንት ገዛሽው?» አለቻት። ዋጋውን ስትሰማ ራሷን ነቀነቀች።

«ታዲያ ይኼ እኮ ጥሩው ነው! ያንቺ ራስ ይሆናል ያልቻለው።»

እሷንም ናቅኋት። ሁሌም የምጠብቀው ይህንኑ ነው፤ የቆሰለ ሰው ፊት ቆሞ ዋጋ የሚጠይቅ ሕዝብ። ወደ እህቴ ዞርኩና «ነግሬሽ ነበር» አልኳት።

ነጠላዋን ግንባሯ ላይ ስባ ቀና ብላ አየችኝ።

«ምኑን ነገርሽኝ? ከአህያ አነስሽ አልሽኝ እንጂ ያቃጥላል አላልሽኝም።»