ግራ እጄን እንሶስላ የሞቅኩ ጊዜ

ልጅ እያለሁ ላፍቶ ገና ከቤቱ እርሻው ይበዛ ነበር። ጎረቤታችን ስንዱ በአንድ ዓመት ታንሰኛለች። ቤቶቻችንን የሚለየው የቆርቆሮ አጥር ጥጉ ላይ ተገንጥሎ ስለነበር በራቸውን አንኳኩቼ አላውቅም፤ በዚያው ሾልኬ ነው የምገባው። አባቴ ከወላይታ የመጣ ግንበኛ ነው፤ ጠንካራ ጴንጤ፣ ለጌጥና ለቀለም ትዕግሥት የሌለው። «ከእነሱ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ይዘሽ የመጣሽ ዕለት እዚያ ቤት መሄድ አበቃ» ብሎኛል። ያለውን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ከስንዱ ሌላ ደግሞ ጓደኛ አልነበረኝም።

ለአዲስ ዓመት ጥቂት ቀን ሲቀረው ስንዱ ከወንዙ ዳር እንሶስላ ቆፍራ መጣች። ሥሩን ወቅጠን ሎሚ ጠብ አደረግንበት፤ እርጥብ አፈር አፈር የሚለው ሽታው እስካሁን ይመጣብኛል። እሷ ሁለቱንም እጇን ሞቀች። እኔ ብልጥ ነኝና ግራዬን ብቻ፤ የምበላው በቀኜ ስለሆነ ማንም አያይም ብዬ። በጉሎ ቅጠል ጠቅልላ በጨርቅ አሰረችልኝ፤ ከሰዓቱን ሙሉ ስንስቅ ዋልን። ሲፈታ መዳፌ ቲማቲም መስሏል።

እራት ላይ ግራዬን ቀሚሴ ሥር ወሽቄ በላሁ፤ ተሳካ። ያልቆጠርኩት እሁድን ነው። ጸሎት ቤት የሕፃናት መዘምራን ውስጥ ነበርኩ። መሪያችን «እጃችንን ወደ ላይ» ስትል አንዱን ብቻ አነሣሁ። ዓይኗን አፍጥጣ «ሁለቱንም» አለችኝ በከንፈሯ። አባቴ ሦስተኛው ወንበር ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ይጸልያል። ግራዬን በቡጢ ጨብጬ አነሣሁት፤ ከዚያ መዝሙሩ ጭብጨባው ላይ ደረሰ። በቡጢ አይጨበጨብም። መዳፌን ስከፍተው አባቴ ዓይኑን ገለጠ።

ቤት ስንደርስ ሲሚንቶ ባሻከረው እጁ መዳፌን ገልብጦ አየና «ማነው እንዲህ ያደረገሽ?» አለኝ።

«ስንዱ ናት። እምቢ ስላት በግድ ይዛኝ» አልኩ። ስንዱ እኮ ዶሮ ይዛ የማታቆም ቀጭን ልጅ ናት።

ወዲያው እነሱ ቤት ይዞኝ ሄደ። እናቷ እትዬ በላይነሽ ነገሩን ሰምተው ልጃቸውን ጠሩ። «እውነት ነው? በግድ ነው ያሞቅሻት?»

ስንዱ አየችኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለች።

እትዬ በላይነሽ ያንን ቀይ መዳፏን እዚያው ፊታችን በአርጩሜ ሦስት ጊዜ አሏት። አላለቀሰችም። እኔ የአባቴን እጅ ይዤ ቆሜ ነበር። ከሰዓት በኋላ አባቴ የአጥሩን ጥግ በምስማር መታው።

ዛሬ በቦታው ፎቅ ቆሟል። እነስንዱ ወዴት እንደሄዱ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። አባቴ አርጅቶ እኔ ጋ ለቡ ነው የሚኖረው። ባለፈው ሳምንት ልጄ ለጓደኛዋ ሰርግ እስከ ክርኗ ሂና ተቀብታ ስትገባ ደንግጬ የእሱን ፊት አየሁ። እጇን ይዞ እያገላበጠ «እንዴት ያምራል፣ እጅሽ ይባረክ» አላት። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ፤ ያንን ምርቃት ያኔ ቢያወጣው ለሁለት ልጆች ይበቃ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ እየሳቀ፣ «ያቺ ጎረቤታችን፣ አንቺን በግድ ያሞቀችሽ ባለጌ ልጅ፣ እሷ አልነበረች እንዲህ ያለ ነገር የምትወድ?» አለኝ።

ያኔ አሥር ዓመቴ ነው፤ አርጩሜ እፈራ ነበር። አሁን እኔ ራሴ የልጅ እናት ነኝ፤ እሱም ማንንም የሚቆጣበት አቅም የለውም።

«አዎ፣ እሷ ነበረች» አልኩት።