የወንድሜን ሚስት «ምንም የለባትም» ያልኩበት ቀን

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ቁጣዬን፣ ሐሜቴን፣ የሻርኩትን ጾም ሁሉ ዘርዝሬ እዚህ ጋ ስደርስ አቆማለሁ። «ሌላስ?» ይሉኛል። «ሌላ የለም፣ አባቴ» እላለሁ። አለ። እናንተ አታውቁኝም፤ ለዚህ ይሆናል የምነግራችሁ፤ ይህም ራሱ ፈሪነት ነው።

የራዲዮሎጂ ሐኪም ነኝ። ካዛንቺስ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ አልትራሳውንድ አነሳለሁ። ሥራዬ ማየትና ያየሁትን መናገር ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። እኔ ግን አይቼ የለም አልኩ።

ሂሩት የታናሽ ወንድሜ የሳምሶን ሚስት ነበረች። ከክሊኒካችን ብዙም በማይርቅ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነበረች። የወር አበባዋ ሲመጣ ወገቧን ይቆርጣታል፣ ያስመልሳታል፣ መቆም ያቅታታል። ጎተራ ኮንዶሚኒየም ቤታቸው ስሄድ እሷ ሙቅ ውሃ የሞላ ጠርሙስ ሆዷ ላይ ይዛ ተጠቅልላ ትተኛለች፤ ወንድሜ ሽንኩርት ይከትፋል። ደሜ ይፈላ ነበር። ቄራ እናታችን ቤት የአባታችንን ሙት ዓመት በዘከርንበት ቀን፣ ቤቱ በእንግዳ ተሞልቶ፣ እሷ ጓዳ ገብታ ተኛች። ድስቱን ሁሉ ያጠብኩት እኔ ነኝ። እማዬ «ልጄ ሚስት ነው ያገባው ወይስ አስታማሚ ነው የሆነው?» ስትል ሳቅሁ። ጮክ ብዬ ነው የሳቅሁት፤ ግድግዳው ስስ እንደሆነ እያወቅሁ።

እጸየፋት ነበር። ማቃሰቷን፣ ላቧን፣ ግድግዳ እየተደገፈች መራመዷን እጸየፍ ነበር። እኔም ሴት ነኝ፣ እኔም ያመኛል፣ ክኒኔን ውጬ ሥራዬ ላይ እገኛለሁ እል ነበር። ሕመም ሁሉ አንድ እንዳልሆነ የተማርኩት እኔ አልነበርኩም?

አንድ ቀን ሳምሶን ደወለልኝ። «ማለቴ… አንቺው እያት በቃ» አለኝ። «የሆነ ነገር ካለ እናሳክማት፣ ከሌለም ይለይልን።»

በምሳ ሰዓት ይዟት መጣ። እሱ ኮሪደር ላይ ቀረ፣ እሷ አልጋው ላይ ወጣች። መጀመሪያ በሆዷ በኩል፣ ቀጥሎ በውስጥ በኩል አየኋት። ለማግኘት ብዙም አልፈጀብኝም። እንቁላል በሚያመርተው ግራ እንቁልጢዋ ላይ ክብ ከረጢት አለ፤ ውስጡ እንደ ጭጋግ ወጥ የሆነ ግራጫ፤ የቆየ ደም ነው። በእጄ ሆዷን ጫን ስል እንቁልጢው ከማህፀኗ ተንሸራቶ መለየት ነበረበት። አልተለየም። ከኋላው ተጣብቋል። እሷ ጮኸች፤ ከዚያ አፏን በእጇ ይዛ «ይቅርታ፣ ጮህኩብሽ» አለችኝ።

ኢንዶሜትሪዮሲስ ይባላል። የማህፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ነገር ከማህፀን ውጭ ይበቅልና የገባበትን ያቆስላል፣ ያደማል፣ አካልን ከአካል ያጣብቃል። አልትራሳውንድ ላይ ጨርሶ የማይታይበት ጊዜ ብዙ ነው። የሂሩት ግን ይታይ ነበር። ፍጥጥ ብሎ ይታይ ነበር። ተጠራጥሬ ነበር እንዳልል አልተጠራጠርኩም። ደክሞኝ ነበር እንዳልል አልደከመኝም። አወቅሁት። ባወቅሁበት ቅጽበት የተሰማኝ ሐዘን አልነበረም፤ ንዴት ነበር። ልክ ሆና ተገኘቻ! ያን ሁሉ ጊዜ ስስቅባት ልክ እሷ ነበረች። ይህን ለወንድሜ መናገር፣ ለእማዬ መናገር፣ ከዚያ በኋላ እሷን ማስታመም… አልፈለግሁም። ምስሉን አጠፋሁት።

ኮሪደሩ ላይ ሳምሶን ተነሥቶ ቆመ።

«ምን አገኘሽ?»

«ምንም የለባትም። ንጹሕ ነው።»

«እውነትሽን ነው?»

«ሳሚ፣ አመል ነው። አታሞላቅቃት።»

ሂሩት ከኋላዬ ልብሷን እያስተካከለች ወጥታ ነበር፤ ሰምታለች። «ተመስገን» አለች። ግን ፊቷ የተመስገን ፊት አልነበረም። ዐይኖቿ እኔን፣ ከዚያ ባሏን፣ ከዚያ ወለሉን አዩ። እኔ እጄን ልታጠብ ገባሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ እኔ አደረግሁት። ሳምሶን ሽንኩርት መክተፉን ተወ። ስታቃስት በር ዘግቶ ይወጣ ጀመር፤ «ሐኪሟ እህቴ ናት፣ አይታሻለች» ይላት ነበር። ዘመዶቿ ሌላ ሐኪም ጋ እንሂድ ሲሏት እምቢ ያለችው ራሷ ሂሩት ናት። እኔን አምና! «እሷ የለም ካለች የለም፤ ችግሩ ከእኔ ነው» አለች አሉ። ሕመሟን ውሸት ነው ብላ ራሷን አሳመነች። ከሥራ እየቀረች ሆቴሉ አሰናበታት። ልጅ አልመጣም፤ እማዬ ደግሞ ዝም አላለችም። በመጨረሻ ሻንጣዋን ይዛ ወደ እናቷ ቤት ሄደች፤ ወንድሜም አልመለሳትም። ብዙም ሳይቆይ ከረጢቱ ውስጧ ፈነዳ። ሌላ ሆስፒታል ቀዷት፤ እንቁልጢዋ ወጣ። ሳምሶን ይህን ሲነግረኝ «እንዴት ሳይታይሽ ቀረ?» እንኳ አላለኝም። እሱም አምኖኛል።

ካገኘኋት ቅርብ ጊዜ ነው። ካዛንቺስ፣ የቆዩት ቤቶች ፈርሰው በተሠራው ሰፊ የእግረኛ መንገድ ላይ ስሄድ በስሜ ጠራችኝ። ከስታለች። ጉንጬን ሳመችኝ፣ ስለ እማዬ ጤና ጠየቀችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ያለ ምንም ቁጣ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ያኔ አልታየሽም ነበር?» አለችኝ።

በሩ ተከፍቶልኝ ነበር። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚበቃው። እኔ ምን አልኩ? «ያኔ ትንሽ ይሆናል እኮ፤ ትንሽ ሲሆን አይታይም» አልኩ። ትምህርቴን ለውሸቴ አዋልኩት። እሷም እጄን ያዝ አድርጋ «አይዞሽ፣ አንቺ ምን ታደርጊያለሽ» አለችኝ።

አጽናናችኝ። ቆሜ ተጽናናሁ።

ዛሬ ሕመም ይዟት የምትመጣን ሴት ሁሉ ጊዜ ወስጄ አያለሁ፤ ባላገኝም «ስላልታየ የለም ማለት አይደለም» ብዬ ወደ ማህፀን ሐኪም እልካለሁ። ይህን ካሳ ነው ብዬ ግን አልቆጥረውም። ለእነዚያ ሴቶች የምሰጠው የሂሩትን ድርሻ አይሞላም። ወጣት ነበርኩ አልልም፤ አልነበርኩም። ሰው ይሳሳታል አልልም፤ አልተሳሳትኩም። ይቅር በሉኝም አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለምና። ቤቷን አውቀዋለሁ፤ ከቄራ በእግር የሚደረስ ነው፤ እስከ ዛሬ አልሄድኩም። መንገድ ላይ ለጠየቀችኝ መልሱ ይህ ነው፦

አይቼው ነበር፣ ሂሩት።