በግራ የጮኸችው ወፍ

ቅዳሜ ከመርሳ ያመጣሁት ማንጎ ጠረጴዛዬ ላይ እየበሰለ ነው። ወልድያ ያለችው ጠባብ ቤቴ ከነመጻሕፍቷ ማንጎ ማንጎ ትሸታለች። አንዱንም አልቀመስኩም። መጀመሪያ ሐሳቤን ላጥራ እያልኩ ይኸው ሐሙስ ሆነ።

ማንጎውን የሰጠችኝ ዘሀራ ናት፤ የልጅነት ጓደኛዬ። ካየኋት ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። ገበያው መሐል ጎንበስ ብዬ ማንጎ ሻጯን ዋጋ ስጠይቅ ቀና ብላ አየችኝና፣ «ዓለምነሽ! ዛሬም መቶ ጊዜ ሳታገላብጪ አትገዢም?» አለችኝ። በድምጿ ነው ያወቅኳት።

እኔና ዘሀራ ፊደል የቆጠርነው ዘግይተን ነው። ከመርሳ በላይ ባለው መንደራችን ትምህርት ቤት ሲከፈት ሁለታችንም አሥራ አንድ ዓመት ሞልቶን ነበር። ከታናናሾቻችን ኋላ፣ ጉልበታችን ከዴስኩ ሥር አልገባ እያለ ተማርን። ስምንተኛ ክፍል ስንደርስ አባቴ ሊድረኝ ቃል ሰጠ። «የተማርሽው ይበቃሻል» ብሎ የመልቀቂያውን ፈተና ከለከለኝ።

የፈተናው ዕለት ጎሕ ሲቀድ ሹልክ ብዬ ወጣሁ። ዘሀራ ቆሎ በመሐረብ ቋጥራ ቁልቁለቱ አናት ላይ ጠበቀችኝ። ሰኔ ነበር። መሬቱ በዝናብ ርሶ ስለሚያንሸራትት ጫማችንን በእጃችን ይዘን ወደ መርሳ ወረድን።

ወንዙ ጋ ስንደርስ በግራችን ወፍ ጮኸች። በእኛ አገር መንገደኛ ወፍ ያዳምጣል፤ በቀኝ ከጮኸች መንገዱ ይቀናል፣ በግራ ከጮኸች ይመለሳል። ዘሀራ ቆመች። ዞር ብላ ቁልቁለቱን ሽቅብ አየችና፣ «እኔ አልሄድም» አለች።

«ምን ሆንሽ?»

«አልሰማሽም? በግራ ነው የጮኸችው።»

«ስምንት ዓመት የለፋሽው ለወፍ ነው እንዴ? ደንቆሮ!»

«አንቺ ሂጂ። ሩጪ!» ቆሎውን እጄ ላይ ጣል አድርጋ ተመለሰች።

ሮጥኩ፤ በንዴት። ተፈተንኩ፣ አለፍኩ። ውጤቴን ሲያይ አባቴም ተረታልኝ፤ ወልድያ አክስቴ ዘንድ ሆኜ ተማርኩ፣ መዝገብ ቤት ተቀጠርኩ። ዘሀራ በዚያው ዓመት ተዳረች። «ወፍ ፈትና የጣለቻት ጓደኛ ነበረችኝ» እያልኩ ባልደረቦቼን ስንት ጊዜ አሳቅኩ! ማስረጃ የሌለው ነገር የማይጥመኝ ሰው ነኝ።

ቅዳሜ ያንኑ ቀልድ ለራሷ ለዘሀራ አነሳሁላት። አልሳቀችም።

«አባትሽ እኮ ከኋላችን እየመጡ ነበር» አለች። «ዱላቸውን ይዘው። አንቺ መች ዞረሽ አየሽ!»

የያዝኩትን ማንጎ ሸራዋ ላይ መልሼ አስቀመጥኩ።

«ተመልሼ መንገድ ላይ ያዝኳቸው። ‹ዓለምነሽ እኛ ቤት ናት፣ አሟት ተኝታለች፣ ወላሂ!› አልኳቸው። እናቴ ንፍሮ አቅርባ፣ ‹ልጅቱ ትንሽ ትተኛ› እያለች እስከ ቀትር በወሬ ያዘቻቸው። በሐሰት ስለማልኩ ሦስት ቀን ጾሜያለሁ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ትሄጂ ነበር?»

እኔ እኔ ነኝና ማጣራቴን አልተውኩም። «ታዲያ የወፏ ነገር ውሸት ነበር?»

«ኧረ ጮኻለች! አንቺስ ሰምተሽ የለ?»

«አባቴ ባይመጣስ? ለወፏ ብለሽ ትመለሺ ነበር?»

ማንጎዎቹን አንድ በአንድ ፌስታል ውስጥ ከተተች። «እንጃ፣ ዓለሜ። ዞር ስል ግን በቀኜ ሆነች።»

ፌስታሉን ተቀብዬ ሄድኩ። አመሰግናለሁ እንኳ አላልኳት። ወደ ወልድያ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ መንገድ ላይ ሲሪንቃ ሰው ሊያወርድ ሲቆም ከመንገዱ ዳር ዛፍ ላይ ወፍ ጮኸች፤ በግራዬ በኩል። «ወራጅ አለ!» አልኩ። ረዳቱ፣ «እናት፣ ወልድያ አልነበር እንዴ ያሉኝ?» አለኝ። አስፋልቱን ተሻግሬ የመርሳ መኪና ጠበቅኩ።

ስደርስ ዘሀራ ሸራዋን እየጠቀለለች ነበር። አንገቷን አቅፌ ስንት ዓመት የዘገየውን ምስጋና ተናገርኩ።

«ምን መለሰሽ?» አለችኝ እየሳቀች።

«እንጃ» አልኳት።

እውነቴን ነው። የመለሰችኝ ወፏ ትሁን ወይ ሳልናገረው የቀረሁት ምስጋና፣ አምስት ቀን ሙሉ አሰብኩ፣ ለይቼ ግን አላውቅም። ማንጎው ከዛሬ አያልፍም፤ ቢላዋ ላምጣ።