አንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ የሚከፈት

ከቆቦ የወጣሁ ለት ልጄ እንዳትነቃብኝ ጫማዬን በእጄ ይዤ ነው በሩን ያለፍኩት። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ነበር። እናቴ የማሽላ ቂጣ በፌስታል ቋጥራ ሰጠችኝና «ስትነቃ ምን ልበላት?» አለችኝ። «መስከረም ትምህርት ሲከፈት እናትሽ ጋ ትሆኛለሽ በያት» አልኳት። ያኔ የካቲት ነበር፤ መስከረም ሩቅ ስለሆነ ቃል መስጠት አልከበደኝም። ማሕሌት አምስት ዓመቷ ነው። አባቷ ሳዑዲ ገብቶ መጀመሪያ በየሳምንቱ፣ ኋላም በየወሩ ሲደውል ቆይቶ በመጨረሻ ስልኩን ቀይሮ ቀርቷል። እኔ የምሠራበት መሥሪያ ቤትም አካባቢው ሲረበሽ ተዘግቶ ዓመት ሙሉ ያለ ደመወዝ ተቀመጥኩ። ስደት ሲባል ለእናንተ ባሕር ተሻግሮ ዐረብ አገር መግባት ነው። እኔ ፓስፖርት ሳላወጣ፣ በአውቶቡስ በሦስተኛው ቀን ቦንጋ ገባሁ፤ ስደት መሆኑ የገባኝም እዚያው መናኸሪያ ላይ ቆሜ ማንም የማያውቀኝ መሆኑን ሳይ ነው።

እኛ ጋ ዝናብ ሲመጣ ሰው ደጅ ወጥቶ ይቀበለዋል። እዚህ ዝናብ እንግዳ አይደለም፣ የቤቱ ሰው ነው። የገባሁ ሰሞን ያጠብኩት ሹራብ በአራተኛው ቀን አልደርቅ ሲለኝ አከራዬን እትዬ አልማዝን ምን እንደማደርግ ጠየቅኳቸው። «እርጥቡን ልበሺው፣ ሰውነትሽ ላይ ይደርቃል» አሉኝ፤ አልቀለዱም። መብራት በኪራዩ ውስጥ እንደሆነ ስጠይቃቸውም ሲኖር በኪራዩ ውስጥ ነው፣ ሲጠፋ ግን ኪራዩ ያው ነው አሉኝ። ክፉ ሴት አይደሉም። ቆጮ በማር አድርገው ሲሰጡኝ፣ እምቢ እንዳልል በር ላይ ቆመው ያዩኛል። ማሩ እውነትም ማር ነው፣ ቆቦ ገበያ ላይ ማር ብለን የምንገዛውን አሳፈረኝ። ቆጮው ግን ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ ማሽላዬን ይጠይቀኛል። ምን ላድርግ፣ ዋጥኩት።

የተቀጠርኩት፣ ቢሮው ቦንጋ ሆኖ፣ በጌሻ ወረዳ፣ ደካ አካባቢ ምንጮችን አጎልብቶ ለገበሬው ንጹሕ ውሃ በሚያወጣ አነስተኛ ፕሮጀክት ላይ፣ በዕቅድ ባለሙያነት ነው፤ ለአንድ ዓመት፣ በኮንትራት። ሥራ አስኪያጁ አቶ አሥራት የመጀመሪያ ቀን ሻይ ጋብዘውኝ፣ በጀት ሲቀንስ መጀመሪያ የሚሰናበተው የኮንትራት ሠራተኛ መሆኑን፣ ጎበዝ ከሆንኩ ግን ቋሚ ሊያደርጉኝ እንደሚችሉ ነገሩኝ። ቋሚ ከሆንኩ ልጄን አመጣለሁ። ካልሆንኩ አላመጣም። እናቴ ከመነሻው ቁርጡን ነግራኛለች፤ «ለዓመት ኮንትራት ብዬ ልጅቷን ጫካ አልሰድም» ብላለች። እንግዲህ ከዚያ ወዲያ ያደረግኩትን ሁሉ ያደረግኩት ለዚያች «ቋሚ» ለምትባል ቃል ነው፤ ይህን ስል ግን ራሴን ከጥፋቱ ለማዳን አይደለም።

መጋቢት ላይ ገንዘብ የሚሰጡን ሰዎች ደብዳቤ ላኩ። ዕቅዳችሁን በወረቀት አንቀበልም፣ የፕሮጀክት ማኔጅመንት ሶፍትዌር ገዝታችሁ በእርሱ ላኩልን አሉ። የቢሮው ብቸኛ ኮምፒውተር ሒሳብ ክፍል ነው፣ እርሱም ዝናብ በጠና ቁጥር አልነሳም ይላል። አቶ አሥራት «አንቺ የግል ላፕቶፕ አለሽ አይደል? እሱ ላይ የሚሆን ምረጪ» አሉኝ። ላፕቶፑ እውነትም የግሌ ነው፤ ወልዲያ ሳለሁ በመጀመሪያ ደመወዜ የገዛሁት።

እንደ ደንቡ ሦስት ፕሮፎርማ ሰበሰብኩ። አንደኛው ኢንተርኔት ላይ የሚኖር ነው፤ ሠራተኛው ሁሉ ከያለበት በስልኩ ገብቶ ዕቅዱን ያያል፣ የተሳሳተውን ያርማል። ሁለተኛው አንድ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ፣ በአንድ ሰው ስም በተመዘገበ ቁልፍ ብቻ የሚከፈት ነው። ሦስተኛው ሻጭ ደግሞ ኤክሴልን ቀለም ቀብቶ ያመጣው ይመስለኛል። ሁለቱን ለሙከራ ጫንኳቸውና አንድ ሳምንት ሙሉ አየኋቸው። ደግ ሆኜ ብመርጥ አንደኛውን እመርጥ ነበር። ቦንጋ ኔትወርክ ይቆራረጣል እንጂ ጭራሽ አይጠፋም፤ ደካም ቢሆን ኮረብታ ላይ የወጣ ሰው ያገኘዋል። ግን አልጋዬ ላይ ተጋድሜ አሰብኩት። ሁሉም ሰው ገብቶ ካየው፣ ሁሉም ሰው ካረመው፣ እኔ ለምን አስፈልጋለሁ? ሁለተኛውን ከመረጥኩ ግን ዕቅዱ እኔ ዘንድ ነው፤ ዕቅዱ ያለበትን ሰው ደግሞ ማንም አያሰናብትም።

የግዥ ኮሚቴው ሲሰበሰብ የደካው መሐንዲስ ተስፋዬ ዝናብ እየደበደበው መጥቶ ተከራከረኝ። የአካባቢው ልጅ ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው። እኛ እዚያ ጭቃ ውስጥ ሆነን ዕቅዱን በስልካችን ብናየው ይሻለናል፣ አንቺ የማታውቂውን እኛ እንሞላልሻለን አለ። እኔም መብራት አነሳሁ፣ ኔትወርክ አነሳሁ፣ የመረጃ ደኅንነት የሚል ቃል ከየት እንዳመጣሁት እንጃ፣ እርሱንም ጨመርኩ። በመጨረሻም «ብዙ እጅ ያረፈበት ዕቅድ ይበላሻል፤ አንድ ሰው ብቻ ቢይዘው ይሻላል» አልኩ። ጸሐፊዋ ቃሌን እንዳለ ቃለ ጉባኤ ላይ አሰፈረችው። ፈረምን። ተስፋዬም ፈረመ፤ ከዚያ ዣንጥላውን ይዞ ወጣ።

ሶፍትዌሩ ሲገዛ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። የንብረት ክፍሉ ጋሽ ወልዴ፣ የተገዛ ነገር ሁሉ በሞዴል 19 ገቢ ካልሆነ ክፍያ አይፈጸምም አሉ። ቢሯቸው ሄድኩ።

«የተገዛው ዕቃ የታለ?» አሉኝ።

«ዕቃ አይደለም ጋሼ፣ ሶፍትዌር ነው።»

«እሺ፣ ሶፍትዌሩ የታለ?»

«ኮምፒውተሬ ውስጥ ነው።»

«እንግዲያው ኮምፒውተሩን አምጪዋ ልጄ። እኔ የማላየውን ነገር እንዴት ገቢ ላርግ?»

አመጣሁላቸው። መነጽራቸውን አድርገው አገላብጠው አዩትና መዝገቡ ላይ «ሶፍትዌር፣ ብዛት አንድ፣ ከነማስቀመጫው» ብለው ጻፉ። ከዚያ በማይለቅ ማርከር የቢሮውን ኮድ ላፕቶፔ ጀርባ ላይ ጻፉበት። የግሌ ነው ብዬ ብጮኽ፣ ይዘሽው ትሄጃለሽ መቼ ቀማሁሽ አሉኝ። በሞዴል 22 አስፈርመው፣ የራሴን ኮምፒውተር ለእኔ ወጪ አደረጉልኝ። ቢሮው ሲስቅ እኔም ሳቅኩ። ንብረቴ በሕግ የሌላ ሰው ሲሆን መሳቅ ምን ይባላል?

ዕቅዱን ስሞላ የመጀመሪያ ስሕተቴ ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር መጻፌ ነው። ፕሮግራሙ የፈረንጅ መስሎት ሥራውን ሁሉ ስምንት ዓመት የዘገየ ብሎ ቀይ በቀይ አደረገው። አቶ አሥራት ከትከሻዬ በላይ አይተው «እንዴ፣ ሳንጀምር ዘገየን?» አሉ። አንድ ሳምንት ቁጭ ብዬ ቀኑን ሁሉ ገለበጥኩት፤ ጳጉሜን የማስገባበት ወር አጥቼ እርሷንም ከነሐሴ ጋር ጨፈለቅኳት። ሁለተኛው ስሕተት ግን እንዲህ በመገልበጥ የሚድን አልነበረም። የመስመር ቁፋሮውን ግንቦት ላይ አደረግኩት፤ ቆፋሪ መቶ ሰው በደቦ፣ ሃያ ቀን። በእኔ አገር ግንቦት ሰው እጁን አጣጥፎ ሰማይ የሚያይበት ወር ነው። የካፋ ገበሬ በዚያ ወር ዛፍ ላይ መሆኑን ማን ይንገረኝ? ማር የሚቆረጥበት ጊዜ ነው፤ ወንዱ ሁሉ ቀፎውን ፍለጋ ጫካ ገብቶ ያድራል። የቧንቧው መኪና ከጅማ መጥቶ ደካ ሲደርስ የተቀበለው አንድ ሽማግሌና ውሾች ናቸው። ሽማግሌው በተስፋዬ በኩል የላኩብኝ መልእክት አጭር ነበር፤ የማር ወር የማያውቅ ሰው ውሃ ያወጣልናል ብለን አንጠብቅም ብለዋል።

ተስፋዬ ዕቅዱን በስልኩ ቢያየው ኖሮ በአንድ ቃል ያርመው ነበር። እርሱ ግን ይህን አላለኝም፤ መልእክቱን አድርሶ ወደ ደካ ተመለሰ። ቁፋሮው ለክረምት ማግስት ተላለፈ። የደካ ሴቶች ያንን ክረምት ሙሉ ከብት ከሚጠጣበት ጅረት ቀዱ፤ ይህ የእኔ ሥራ ነው፣ ሌላ ስም አልሰጠውም። የእኔ ቋሚነት ደግሞ «የዓመቱ አፈጻጸም ይታይ» ተብሎ ታለፈ።

ሐምሌ ላይ እናቴ ደወለች። እዚያው ቆቦ፣ ከቤታችን በእግር በሚደረስበት ቢሮ የዕቅድ ባለሙያ ማስታወቂያ ወጥቷል አለች። በቋሚነት። ተመዘገብኩ፣ ፈቃድ ጠይቄ ሄጄ ተፈተንኩ፣ አንደኛ ወጣሁ። ልጄን አንድ ሌሊት አቅፌ አደርኩና መልቀቂያ ይዤ እስክመለስ ደብተር እንገዛለን ብዬ ወጣሁ። እስከ ጳጉሜን ሦስት መልቀቂያ ካላመጣሁ ግን ቦታው ለተጠባባቂው ይሰጣል ብለውኛል።

ቦንጋ ስመለስ በደስታ ጭቃው ራሱ አማረኝ። ማመልከቻዬን ይዤ አቶ አሥራት ቢሮ ገባሁ። አንብበው ሲጨርሱ እስክሪብቷቸውን ከወረቀቱ ላይ አነሱ።

«አንቺ ከሄድሽ ማን ይከፍተዋል?»

«ኮምፒውተሩንም ቁልፉንም ትቼላችሁ እሄዳለሁ።»

«ቁልፉ በስምሽ ነው የተመዘገበው። ስም ይተዋል እንዴ?»

ሻጩ ያዛውረው አልኩ። አዲስ አበባ ያለው ሻጭ ጋ አሥራ አንድ ጊዜ ደወልኩ፤ ስልኩ አይነሳም፣ ሱቁም እንደተዘጋ ሰው ነገረን። ዕቅዱን በሙሉ በወረቀት ላትመው አልኩ፤ ገንዘብ ሰጪዎቹ ወረቀት አይቀበሉም። ሰው ቅጠሩና ላሠልጥነው አልኩ። ማስታወቂያ ወጣ፤ «በተጠቀሰው ሶፍትዌር ልምድ ያለው» የሚል መስፈርት አቶ አሥራት በራሳቸው እጅ ጨመሩበት። ሶፍትዌሩ በዞኑ ውስጥ ያለው የእኔ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው። ከዋጫ አንድ፣ ከሺሺንዳ አንድ ልጅ አመልክተው ነበር፤ ልምድ የላቸውም ተብለው ተመለሱ። መስፈርቱን ያንሱት ብዬ ለመንኩ፤ ኦዲት ይጠይቀኛል አሉ።

በመጨረሻው ቀን አለቀስኩባቸው። ልጅ አለኝ አልኩ፣ ቃል ገብቼላታለሁ አልኩ። አቶ አሥራት ጨካኝ ሰው አይደሉም፣ ዓይናቸው ሁሉ ረጥቧል። ግን መሳቢያቸውን ከፍተው የኮሚቴውን ቃለ ጉባኤ አወጡና በጣታቸው እያሳዩ አነበቡልኝ።

«ብዙ እጅ ያረፈበት ዕቅድ ይበላሻል፤ አንድ ሰው ብቻ ቢይዘው ይሻላል። ይህን ያልሽው አንቺ ነሽ። ፊርማሽም አለበት። እኔ በምን አፌ ልልቀቅሽ?»

ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አታውቀውምና ይባላል፤ እኔ ማን እንደሚገባበት አውቃለሁ ብዬ ነበር የቆፈርኩት። ያሰብኩት ከዕቅዱ ውጭ የሚቀረውን ተስፋዬን ነው፣ ዛሬ ልሸሽገው አልችልም። በጳጉሜን አራት የቆቦው ቦታ ለተጠባባቂው ተሰጠ። ኮንትራቴ የካቲት ሲያልቅ መልቀቂያዬን አገኛለሁ፤ ያን ጊዜ የምቀጠርበት ቦታ የለም።

ከእኔ በኋላ ወደ እንዲህ ዓይነት አገር የምትመጡ ልጆች ካላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ያለ እኔ የማይከፈት ነገር መያዝ ብልጠት ይመስላችኋል። የሚፈልጓችሁ ግን እናንተን አይደለም፣ ቁልፉን ነው፤ ቁልፉ በስማችሁ እስካለ ድረስ ደግሞ በእናንተም ላይ አብረው ይቆልፉባችኋል።

መስከረም ትምህርት የተከፈተ ለት ማታ ደወልኩ። በፊት ማሕሌት ስልኩን ከእናቴ እጅ ነጥቃ «መቼ ነው?» ነበር የምትለኝ፤ ሰላምታ እንኳ የላትም። ቁርጡን እንዴት እንደምነግራት ቀኑን ሙሉ ሳጠና ውዬ ነበር። እናቴ አቀበለቻት። ዩኒፎርሟ ሰማያዊ እንደሆነ ነገረችኝ። አብራት የምትቀመጠው ልጅ ሰሚራ እንደምትባል፣ መምህሯ ረጅም እንደሆኑ፣ ወላጅ አምጡ ሲባል አያቷን ይዛ እንደሄደች ነገረችኝ። እኔም እሺ፣ እሺ እያልኩ ጥያቄዋን ጠበቅኩ። ያጠናሁት ሁሉ ምላሴ ላይ ነበር።

«ሌላስ የኔ እናት?» አልኳት።

«ሌላ የለም» አለች። «ደኅና እደሪ፣ የቤት ሥራ አለኝ።»

ስልኩን ለእናቴ መልሳ ሰጠቻት።